ዲስኬ ሲሞት ያስተማረኝ

ባለፈው ክረምት ዲስኬ ሞተ። ማታ ደህና ነበር። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ቀጭ... ቀጭ... ይላል። የእህቴ ሰርግ ቪዲዮ ጥሬው በሙሉ እዚያ ላይ ነበር። "እናወጣልሃለን" ያሉኝ ልጆች ያስከፈሉኝ ገንዘብ ሁለት አዲስ ዲስክ ይገዛ ነበር፤ ያወጡት ደግሞ ግማሹን ነው። ቅልቅሉ አለ፣ ሰርጉ የለም።

ከዚያ ወዲያ በአንድ ዲስክ ላለመታመን ማልኩ። ሬይድ ልሠራ ተነሳሁ።

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ነው። ስሙን ያስተዋወቁት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የሚባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ነው። ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው፤ ያኔ በውስጡ "ርካሽ" የሚል ቃል ነበረበት፣ በኋላ "ራሱን የቻለ" ወደሚል ተቀየረ። እኔም የዲስኮቹን ዋጋ ስጠይቅ ለምን እንደተቀየረ ገባኝ።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ሬይድ 0 ፋይሉን ቆራርጦ ለሁለቱ ዲስክ ያከፋፍላል፤ ይፈጥናል፣ ግን አንዱ ከሞተ ሁሉም አለቀ። ሬይድ 5 ቢያንስ 3 ዲስክ ይፈልጋል፣ ባለ 4 ቴራባይት (ቴራ) ሦስት ብታስገቡ 8 ቴራ ትጠቀማላችሁ፣ አንዱ ቢሞት አትደነግጡም። የኔ ኪስ የቻለው ሁለት ዲስክ ስለሆነ ሬይድ 1 መረጥኩ። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይም ይጻፋል፣ በቃ። 8 ቴራ ገዝቶ 4 ቴራ መጠቀም ያንገበግባል፣ እሱንም ኮምፒውተሩ 3.6 ብሎ ሲያሳያችሁ ይብሳል። (አልተጭበረበራችሁም፤ ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ በ1024።)

ማዘርቦርዱ የራሱ ሬይድ ነበረው፣ አልነካሁትም። ቦርዱ ቢቃጠል ተመሳሳይ ቦርድ ፍለጋ ልዞር ነው? ኡቡንቱ ላይ (እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያሠራ፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው) ኤምዲአድም በሚባለው ፕሮግራም ሠራሁት፤ ማሽኑ ቢሞት ዲስኮቹን ነቅዬ ሌላ ሊኑክስ ላይ ብሰካቸው ያነባቸዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ፕላስተር ቆርጬ የእያንዳንዱን ዲስክ ሴሪያል ቁጥር በማርከር ጽፌ ለጠፍኩበት። ይቺን እንዳትዘሏት። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጠው ስም ማሽኑ ተነስቶ ሲመለስ ሊቀያየር ይችላል፣ ነገ አንዱ ሲሞት ደህናውን ነቅላችሁ የሞተውን እንዳትተዉት።

ሬይዱን የምትፈጥረው ትእዛዝ አንድ መስመር ናት። ሁለቱን ዲስክ ማመሳሰሉ ነው ጊዜ የሚበላው፣ የኔ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው የተገመተው። 61 ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ። እኔ አለቀልኝ ብዬ ነበር፤ ሲመለስ ከሞላ ጎደል ካቆመበት ቀጠለ።

ሲያልቅ በደስታ ሪስታርት አደረግኩና ሬይዱ ጠፋ። ማለቴ፣ አለ፣ ግን ኤምዲ 0 ብዬ የሰየምኩት ኤምዲ 127 ሆኗል። ለካ ቅንብሩን የኤምዲአድም ፋይል ላይ ጽፌ ሊኑክስ ሲነሳ የሚጭነውን የማስነሻ ኢሜጅ ማደስ ነበረብኝ። አንድ ሰዓት በከንቱ። ኤፍኤስታብ ላይም (ማሽኑ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚከፍት የሚያነብበት ፋይል ነው) በስሙ ሳይሆን በዩዩአይዲው፣ ማለትም በማይቀያየረው መለያው፣ ጻፉት።

ከዚያ ፈተና። ማሽኑን አጥፍቼ የአንዱን ዲስክ ዳታ ኬብል ነቀልኩ። እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽም። ሲነሳ ሁኔታውን የሚያሳየው ፋይል ላይ ሁለት "ዩ" (ዲስኩ ይሠራል ማለት ነው) መሆን የነበረበት አንድ "ዩ" እና አንድ የታች ሰረዝ ሆኗል፣ ቪዲዮው ግን ይከፈታል። አጥፍቼ መልሼ ሰካሁትና ወደ ሬይዱ ስመልሰው የተቀየረውን ብቻ ስለሚያመሳስል አፍታም አልፈጀበት።

እና ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ አንድ ፎልደር አጠፋሁ። ሬይዱ ታዛዥ ነው፣ ከሁለቱም ዲስክ በአንዴ አጠፋልኝ። ያዳነኝ በየአስራ አምስት ቀኑ የምገለብጥበት ውጫዊ ዲስክ ነው። እሱ ቤቴ አይቀመጥም፤ እናቴ ጋ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ጋቢ ስር ነው ያለው። ልወስድ ስሄድ "ያ ሬዲዮህን ፈልገህ ነው የመጣኸው?" አለችኝ።