ጀርመን ሀገር 300 ካሬ መሬት ገዛች የተባልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው እሁድ ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ፣ «እታለም፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሰው ለወንድሙ አይነግርም?» አለኝ።

«ምኑን?»

«መሬቱን ነዋ! 300 ካሬ!»

ጥፋቱ የኔው ነው። ለእንቁጣጣሽ አበቦቼ መሀል ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ ለአክስቴ ልጅ ላኩላት። «የት ነው?» ስትለኝ «አትክልት ቦታዬ» አልኳት። «ስንት ካሬ ነው?» አለች። የኛ ሰው መሬት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። 300 አልኳት። በቃ። ወሬው ሆለታ ሲደርስ መሬት ገዝቻለሁ፣ ሰበታ ሲደርስ ቪላ ጀምሬያለሁ። ለዓመታት ደውሎልኝ የማያውቅ ዘመድ ስለ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ሊያማክረኝ ፈልጓል። ሌላው ደግሞ «ያቺን ቤት ለኔ ታከራየኝ» ብሏል አሉ።

እንግዲህ ለሁላችሁም በአንዴ ልንገራችሁ። መሬቱ የኔ አይደለም፣ ኪራይ ነው። የዓመቱ ኪራይ 300 ዩሮ አይሞላም። ቤት የምትሏት የዶማና የአካፋ ማስቀመጫ ጎጆ ናት። ሕጉ ከነበረንዳዋ ከ24 ካሬ እንዳትበልጥ ይላል። መኖሪያ ማድረግም ክልክል ነው።

ጀርመኖች ሽሬበርጋርተን ይሉታል። ባቡር ስትሳፈሩ ከሐዲዱ ዳር ተደርድረው የምታይዋቸው፣ እያንዳንዳቸው ጎጆና ባንዲራ ያላቸው ትንንሽ ጓሮዎች ናቸው። በመላ አገሪቱ ወደ 9 መቶ ሺህ ይጠጋሉ። ስሙ ሽሬበር ከሚባል የላይፕዚግ ሐኪም የመጣ ነው። የመጀመሪያው ማኅበር በስሙ የተቋቋመው ግን በፈረንጆች 1864፣ እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያውም ለልጆች መጫወቻ ሜዳ ነበር። ሜዳው ዳር ለልጆቹ የአበባ መደብ ተሠራላቸው፣ ልጆቹ ሰለቻቸው፣ ወላጆች ወረሱት። እኔ መጀመሪያ ሳየው ግን ዓይኔ ያረፈው ሸክላው ድንክዬ ላይ ነው። ቀይ ቆብ ያደረገ ጢማም ሽማግሌ በየጓሮው ቆሟል። የሰፈሩ ዛር መስሎኝ አማትቤ አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ሆለታ አራት ዓመት የአበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ ስመርጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ መለኪያ አለ፦ 40፣ 50፣ 60 ሴንቲ። አገዳው 50 ካልሞላ ወደ 40 ይወርዳል። ከዚያ ይታሰራል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፣ ማታ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ሆላንድ። በአራት ዓመት ውስጥ የፈካ ጽጌረዳ አይቻለሁ ለማለት ይከብደኛል። ከፈካ ይጣላላ! የሚሄደው ያልፈካው ነው። እኛ ቤት ሳሎን የነበረው ደግሞ የቻይና ፕላስቲክ አበባ ነው። እናቴ በየሳምንቱ በኦሞ ታጥበዋለች።

ፍራንክፈርት በገባሁበት የመጀመሪያ ክረምት ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ እቅፍ ጽጌረዳ አነሳሁ። ላስቲኩ ላይ ኢትዮጵያ ይላል። ሰው ይየኝ አይየኝ ሳልል በስንዝሬ ለካሁት። ሃምሳ ነው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ እናቴ አረፈች። ወረቀቴ ስላላለቀ አልሄድኩም። መርዶውን ሰዎቻችን ቤቴ መጥተው ነገሩኝ፣ ወግ አልቀረም። ለቅሶው ግን ቀረ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ እዚህም ስስ ነው። ጮክ ብለሽ ብታለቅሺ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶቹ ቡና እያፈሉ በሹክሹክታ አለቀሱልኝ። በሹክሹክታ ሙሾ! ከዚህ የሚብስ ነገር ስደት ላይ አላየሁም።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ጀርመን ናት፣ ምንም አላለችኝም። የጓሮዋን ቁልፍ ሰጠችኝና «ሂጂ ቆፍሪ» አለችኝ። ሄድኩ። አንድ መደብ ሙሉ እያለቀስኩ ቆፈርኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። የሚቆፍር ሰው ማቃሰቱ ያለ ነገር ነው። ቤቴ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛሁ። በነጋታው ለራሴ ቦታ ተመዘገብኩ፤ ተራው እስኪደርሰኝ ሦስት ዓመት ፈጀ።

ቦታውን በተረከብኩበት ጸደይ አበባ መሸጫ ሄጄ አደይ አበባ አየሁ። በፕላስቲክ ማሰሮ ተሰቅላ! ደንግጬ ቆምኩ። ስሟን ሳነብ ቢደንስ ይላል። በኋላ እንደገባኝ አደይ ራሷ አይደለችም፣ ዘመዷ ናት፤ አገሯ ወደ ሜክሲኮ ነው፣ በሳይንስ ስም ግን ሁለቱም ቢደንስ ናቸው። ሃያ ማሰሮ ገዛሁ። የግንቦት ልደታ ቀን ንፍሮዬን ይዤ ወጥቼ ሁሉንም ተከልኳቸው። ከዚህ የተሻለ ቀን የት ይገኛል?

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ሰማንያን ያለፈ ሽማግሌ ነው፣ በልቤ አባባ እለዋለሁ። «ከዞፊ በፊት አይተከልም» አለኝ። ለካ እነሱም በቅዱሳን ነው የሚተክሉት! በኛ አቆጣጠር ከግንቦት 3 እስከ 7 ያሉት ቀናት የበረዶ ቅዱሳን ይባላሉ። የመጨረሻዋ ቀዝቃዛዋ ሶፍያ ናት፣ እነሱ ዞፊ የሚሏት። እሷ ሳታልፍ ስስ ተክል መሬት አይነካም። በሆዴ ሳቅሁ። ልደታ ሶፍያን ታስፈራለች እንዴ?

በአራተኛው ቀን ማለዳ ስመጣ ሃያውም ጠቁረው ተኝተዋል። ቅጠላቸውን ስነካው እንደተቀቀለ ቆስጣ ጣቴ ላይ ቀረ። የኛ ሰው ቢሆን «አይዞሽ» ይላል። አባባ መጣና «ነግሬሽ ነበር» አለ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ጋሪ ብስባሽ በሬ ላይ ደፍቶልኝ ሄደ። አንድ ቃል አልተናገረም።

ግትር ነኝ። ሶፍያ ስታልፍ ሌላ ሃያ ተከልኩ። ጽጌረዳ ተከልኩ፤ እንደልቡ እንዲፈካ ብዬ። ዳሊያ ተከልኩ። 300 ካሬው ሙሉ አበባ ሆነ። ውርደቴም የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ቀን ከአትክልት ቦታው ማኅበር ሦስት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። የቁጥቋጦ አጥሬን ለኩ፤ 1 ሜትር ከ40 ነው፣ የሚፈቀደው 1 ከ25 ነው። አራት ዓመት የፈረንጅ አበባ በሴንቲ ስለካ ኖሬ፣ ፈረንጅ የኔን ቁጥቋጦ በሴንቲ ለካው። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። እንደ ብዙ ሐበሻ ደብዳቤውን ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ሰነበትኩ።

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ጥፋት ያለባቸውን ቦታዎች በቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ። አዳራሹ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ፤ ቁጥሬን ሲጠራ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጥፋቴ አበባ መትከሌ ነው። የቦታው ቢያንስ ሲሶ ፍራፍሬና አትክልት መሆን አለበት። ሲሶ! አያቴ ለባለመሬት ሲሶ ሲገብር ኖሮ፣ በ1967 መሬት ላራሹ ታውጆለት ተገላገለ። የልጅ ልጁ ጀርመን መጥታ ሲሶ አራሽ ሆነች።

ላብ አጠመቀኝ። ብድግ ብዬ «በሚቀጥለው ዓመት ጎመን እተክላለሁ» ልል ፈልጌ፣ በዚያ በተረገመ ጀርመንኛቸው «በሚቀጥለው ዓመት ጎመን እሆናለሁ» ብዬ አረፍኩት። አንዲት ግስ ናት የጎደለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሲስቁ አያውቁም የምትሏቸውን ጀርመኖች እንባቸው እስኪመጣ ያሳቅኋቸው እኔ ነኝ። ጎመን በቋንቋቸው ኮል ነው። 16 ዓመት የመራቸው መሪም ስሙ ኮል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ኮል ነኝ። ያን ማታ በአውቶቡስ ሙሉውን መንገድ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ነው የሄድኩት። ቁልፉን ልመልስላቸውም ወስኜ ነበር።

አልመለስኩም። ሲሶውን የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ድንች ዘራሁበት፤ ለቡናዬም ጤና አዳም። አባባ በበጋ ጎመን ስቀነጥስ አየኝና «ውርጭ ሳይመታው?» ብሎ ጮኸ። እነሱ ጎመን የሚጣፍጣቸው ከውርጭ በኋላ ነው። ጎመን በጤና የሚለውን ልተረጉምለት ሞክሬ አቅቶኝ ተውኩት። በቅቤ ሠርቼ አንድ ሳህን ሰጠሁት። በሳምንቱ ሳህኑን መልሶ «ቅቤው ምንድነው?» አለኝ።

ሆለታ ያላችሁ እህቶቼ፣ በውስጥ መስመር «ልምጣ ወይ?» ለምትሉኝ፦ በሊቢያ በኩል የሚል ደላላ ካለ ስልኩን ዝጉበት። እጃችሁ ላይ ሙያ አለ። እዚህ አትክልተኝነት የሦስት ዓመት አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ አለው፣ እየተማሩ ደሞዝ ይከፈላል። ግን ጀርመንኛውን እዚያው ሆናችሁ ተማሩ፤ ጎመን እሆናለሁ እንዳትሉ። ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ክፈቱት። ፍሪጅ ላይ የተለጠፈ ደብዳቤ አይረሳችሁም። ሥራው በኅዳር ዝናብ ጣት እየደነዘዘ መቆፈር መሆኑንም እወቁ። ፎቶው ላይ ያለው ጳጉሜ አልፎ አንድ ፀሐይ የወጣ ቀን ነው።

የእንቁጣጣሽ ለታ ቢጫዎቹን በመቀስ ቆርጬ በሣር አሰርኳቸው። ለሰፈራችን ሐበሻ ልጆች ሰጠኋቸውና አበባዬሆሽ ዘፈኑ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን ላላላ እያሉ። አባባም አንድ እቅፍ ደረሰው። ኪሱን ሲዳብስ አይቼ «ሳንቲም ነው የሚሰጠው» አልኩት፤ ለልጆቹ 2 ዩሮ ሰጠ። ፎቶውን ያነሳኝም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። ኪራይ መሆኑን፣ ጎጆዋ እንደማይታደርባት፣ ሲሶውን፣ ሜትሩን። ዝም ብሎ ሰማኝ። በመጨረሻ፣

«ገባኝ፣ እታለም» አለ። «ግን ካርታው በማን ስም ነው?»