«አለባቸው» እና «ይገባቸዋል»

የፓሪሱን የአየር ንብረት ስምምነት ዋና ዋና አንቀጾች ለወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ሥልጠና ወደ አማርኛ እንድመልስ የታዘዝኩት ሥልጠናው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። አማርኛው እንዲጥም ብዙ ደከምኩ። አርታኢያችን ስለ ጣዕሙ ምንም ሳይሉ አንዲት ቃል በቀይ እስክሪብቶ ከበው መለሱልኝ። አንቀጽ 4፣ ንኡስ አንቀጽ 4 ላይ «ያደጉት አገሮች መላ ኢኮኖሚያቸውን የሚሸፍን የልቀት ቅነሳ ግብ ይዘው ግንባር ቀደም ሆነው መቀጠል አለባቸው» ብዬ ጽፌ ነበር። የተከበበችው «አለባቸው» ናት።

«እንግሊዝኛው እንደዚህ ይላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ያው ነው ጋሼ። ይገባቸዋል ብንልስ ምን ይለያያል?»

«ያው ቢሆን ኖሮ በእሷ የተነሳ ስምምነቱ ሊፈርስ ባልደረሰ ነበር» አሉና ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

ታኅሣሥ 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው ለቡርዤ የመጨረሻው ረቂቅ ሲታደል፣ በዚያ ንኡስ አንቀጽ በእንግሊዝኛው ለበለጸጉት አገሮች «ሻል» (shall)፣ ለታዳጊዎቹ ደግሞ «ሹድ» (should) ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያው በሕግ ያስገድዳል፤ ሁለተኛው ያሳስባል። አሜሪካኖቹ ቃሉን ሲያዩ ደነገጡ። አስገዳጅ የቅነሳ ግብ የያዘ ውል በሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ ነበረበት፤ ያ ድምፅ ደግሞ የሚገኝ አልነበረም። ያደጉት አገሮች ልቀት እንዲቀንሱ ያስገደደውን የኪዮቶ ፕሮቶኮል (እ.ኤ.አ. 1997) ያላጸደቀው ይኸው ሴኔት ነው። አዳራሹ ለሰዓታት ጠበቀ። በመጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ከሥርዓተ ነጥብ እርማቶች ጋር ደባልቀው «ሻል» ወደ «ሹድ» መለወጡን እንደ ቴክኒክ ስሕተት እርማት አነበቡት፤ የጉባኤው ፕሬዚዳንት ሎሮን ፋቢዩስም ወዲያው መዶሻቸውን መቱ።

ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ሰማዩን ቀድሞ ያጨሰው አገር ግዴታው በነጠላ ሰረዝ መካከል ተደብቆ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነገር ግን የእኔ ቁጭት ጽሑፉን የመለወጥ ሥልጣን አይሰጠኝም። አማርኛዬ በፓሪስ ያልተፈረመ ግዴታ ፈርሞላቸው ነበር።

ያን ሌሊት ስምምነቱን ከአንቀጽ 1 ጀምሬ በሁለት ቀለም አሰመርኩበት፦ ለ«ሻል» አለባቸው፣ ለ«ሹድ» ይገባቸዋል። አማርኛችን ሁለቱን በየቀኑ ስለሚያቀላቅላቸው ሥራው ቀላል አልነበረም። በእኛ ሕጎች ውስጥ ሳይቀር «ይገባል» ግዴታ ሆኖ የሚነበብበት ቦታ አለ። ስለዚህ በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ የሁለቱን ቃላት ትርጉም አስቀመጥኩ።

በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን አንድ ጎልማሳ ባለሙያ እጃቸውን አወጡ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2030 ልቀቷን ሊደርስ ከሚችለው በ64 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ከፓሪስ በፊት ማሳወቋን፣ ይህም በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ገና መናገሬ ነበር።

«ታዲያ ድጋፉን መስጠት አለባቸው ወይስ ይገባቸዋል?» አሉኝ።

አንቀጽ 9፣ ንኡስ አንቀጽ 1ን ገልጬ አነበብኩላቸው። እዚያ ላይ ቃሉ «ሻል» ነው፤ አለባቸው። ደብተራቸው ላይ ጽፈው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

«ስንት?»

ያደጉት አገሮች በየዓመቱ ያሰባስቡታል የተባለው መቶ ቢሊዮን ዶላር በአንቀጹ ውስጥ እንደሌለ፣ ከስምምነቱ ጋር በወጣው የጉባኤ ውሳኔ ውስጥ ብቻ እንደሚገኝ ነገርኳቸው። እስክሪብቶአቸውን ደብተሩ ላይ አስቀመጡት።