ሰም የጠጣ ካፖርት ላውንደሪ አይገባም

ይህን የምጽፈው ሰም የተቀባ የዝናብ ካፖርት ላለው ወይም ሊገዛ ላሰበ ሰው ነው። ላውንደሪ አትስጡት። ቀሪውን ባታነቡ እንኳ ይቺን ያዙልኝ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቤቴ ሐዋሳ ነው፣ ግማሽ ሥራዬ ግን የሲዳማ ደጋ ላይ ያለችው ሁላ ወረዳ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቅ ያለች ከተማ ናት። ወደ ወረዳዋ ከተማ ወደ ሀገረ ሰላም ስትወጡ አየሩ ሌላ ነው፤ ጭጋግ፣ ጭቃ፣ አጥንት የሚገባ ብርድ። የምወጣው በሞተር ነው። ምጥ የያዛት ላም ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ አትጠብቅም።

ድሮ የምለብሰው መንገድ ዳር የሚሸጠውን የላስቲክ የዝናብ ልብስ ነበር። ውሃ አያስገባም፣ እውነት ነው። ላብም አያስወጣም። ዳገት በእግር ስትወጡበት ከውስጥ ትረጥባላችሁ። ብብቱ ላይ ደግሞ ክረምቱ ሳያልቅ ይተረተራል። ሰልባጅ ተራ የሚገኙት ዘመናዊ ጃኬቶች ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ላይ የተቀባው ፖሊዩሪቴን የሚባለው ውሃ መከላከያ ፕላስቲክ ግን በሙቀትና በእርጥበት ያረጃል። መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ይላጣል። ስፌቱ ላይ የተለጠፈው ቴፕም ይነሳል። አንዴ ከተላጠ የሚጠግነው ሰው አላየሁም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት፣ ውስጡን በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ሻጩ ቢቆጣም ፋቁት።

ካፖርቱን የሰጡኝ የቀድሞ አለቃዬ ናቸው። ጋሼ ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ተልከው ሲማሩ የገዙት ነው። ጡረታ ሲወጡ «እኔ ከእንግዲህ ሁላ አልወጣም፣ አንተ ልበሰው» አሉኝ። ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ጥጥ ነው፣ ሰም የጠጣ። ዚፑ ነሐስ ነው፣ ከላይም ከታችም ይከፈታል። ይሄ ሞተር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ኪሶቹ ጥልቅ ናቸው፤ መርፌም ጓንትም መድኃኒትም ይይዛሉ።

ጋሼ የዝናብ ልብስ ታሪክ ማውራት ይወዳሉ። መርከበኞች የሸራ ጨርቅ በተልባ ዘይት እየቀቡ ይለብሱ ነበር። ዘይቱ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ይገተራል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ የግላስጎው ኬሚስት ቻርልስ ማኪንቶሽ መጣ። ጎማን ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ፈሳሽ አሟሙቶ በሁለት ጨርቅ መሃል አጣበቀ። ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። (ጋሼ የተማሩበት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ራሳቸው የመሠረቱት ነው የሚመስለው።) የማኪንቶሽ የመጀመሪያ ካፖርቶች ይሸቱ ነበር። ሲሞቅ ይጣበቃሉ፣ ሲበርድ ይደርቃሉ። ችግሩ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጎማን ከድኝ ጋር ማብሰል ሲቻል ነው። ቶማስ በርበሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1879 ጋባርዲንን አወጣ፤ ክሩ ከመሸመኑ በፊት ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ የሚዘጋጅበት ጨርቅ ነው። ቀለል ይላል፣ ያምራል። ለፒያሳ ካፊያ ይበቃል፣ ለሁላ ዝናብ ግን አልመክርም። የኔ ዓይነቱ፣ ፓራፊን የሚባለውን የሻማ ሰም የጠጣው ጥጥ፣ የተልባ ዘይቱን ቦታ የያዘው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው።

እነዚህ ሁሉ ዛሬም ይሰፋሉ፣ ገዢም አላቸው። ዘመናዊው ጨርቅ ቀላል መሆኑን አልክድም። የኔን ግን ሲያረጅ ቤት ቁጭ ብዬ አድሰዋለሁ። ለኔ ሚዛን የሚደፋው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ላውንደሪው።

ክረምቱ ሲወጣ ካፖርቱ ጭቃና የላም ሽታ ጠግቦ ነበር። ሰም የጠጣ ካፖርት የሚጸዳበት መንገድ አንድ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ስፖንጅ ወይም ለስላሳ ብሩሽ። ሳሙና የለም፣ ማሽን የለም፣ ካውያ የለም። ሰፈራችን ግን ውሃ ጠፍቶ ሰንብቷል። ሰፈር ውስጥ አንድ ላውንደሪ አለ፤ ታንከርም አለው። ወሰድኩት። ለተቀባይዋ ልጅ አስረዳኋት። አልበቃኝም፣ በወረቀት ጻፍኩ፤ «በቀዝቃዛ ውሃ በብሩሽ ብቻ። ሳሙና የለም። ማሽን የለም።» ወረቀቱን ኪሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። አነበበችው። «ችግር የለም» አለችኝ።

ልወስደው ስሄድ ባለቤቱ ራሱ ከጓዳ ይዞት ወጣ። ፈገግ ብሏል። ካፖርቱ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ እጅጌው ላይ የካውያ መስመር ወጥቶለታል። ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ግራጫ ሆኗል። ነካሁት። ልስልስ ብሎ አንሶላ ሆኗል።

«ወንድሜ፣ ዘይት ተደፍቶበት ነበር እንዴ?» አለኝ። «ደጋግመን ነው ያጠብነው፣ በፍል ውሃ! ያን ሁሉ ቅባት አስለቀቅንልህ።»

«ቅባቱ እኮ ነው ካፖርቱ» አልኩት።

«አይ፣ አሁን ነው ካፖርት የሆነው።»

ለቅባት ማስለቀቂያ ተጨማሪ ብር ጠየቀኝ። ወረቀቴስ? ተበጣጥሶ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። መርፌ ቁልፉ ቦታው ላይ ነበር፣ ዝጎ። ይባስ ብሎ ከካፖርቱ የወጣው ሰም አብረው በታጠቡ የሌላ ደንበኛ ሸሚዞች ላይ ተለጥፏል። «እሱንስ ማን ይከፍላል?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ተቀባይዋ ልጅ በዚያች ሰዓት ስልክ ታወራ ነበር። ወረቀቱን ማንበቧን ስጠይቃት «አንብቤ ለውስጥ ነግሬያለሁ» አለች። ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ አዲስ ነው፣ የነገረው የለም። ባለቤቱ ወደ ልጁ፣ ልጁ ወደ ማሽኑ ይጠቁማል። ማሽኑ ብቻ ነው ያልተከራከረኝ።

የሆነው ግልጽ ነው። ፍል ውሃ ሰሙን ያላላል፣ ሳሙናው ይዞት ይሄዳል። ደረቅ እጥበት ደግሞ የባሰ ነው፤ ኬሚካሉ ሰሙን ያሟሟዋል። የቀረው ተራ ጥጥ ነው። ይህን አስረድቼ አስረድቼ ሲያቅተኝ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሕጉ ከኔ ጋር ነው ብዬ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአገልግሎት የተጎዳ ሸማች ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። አንብቤዋለሁ፣ አትሜ ይዤዋለሁ።

ኃላፊው ትሁት ሰው ነው። ሻይ ጋበዘኝ። ደረሰኙን አየ። ደረሰኙ «ጃኬት 1» ይላል። ከዚያ ካፖርቱን አየ፣ አገላበጠ፣ አሸተተ።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ንጹሕ መሆኑ ነው ጉዳቱ።» ሳላስበው ነው ያወጣሁት። ጎኑ የተቀመጠው ጸሐፊ ሳቀ።

ውሃ በብርጭቆ ለመንኩ። ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ትከሻው ላይ አፈሰስኩ። ውሃው ወዲያው ሰርጎ ገባ፤ ከሥሩ የነበረ የማን እንደሆነ የማላውቀው ፋይል ረጠበ። ኃላፊው ፋይሉን አንስቶ አራገፈና «ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፣ ታዲያ ምን ይሁን?» አለኝ። ድሮ ውሃ አይጠጣም እንደነበር የባለሙያ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። የምን ባለሙያ? አያውቅም። ሌላ ቢሮ ላከኝ። ሌላው ቢሮ ይህ የኛ ሳይሆን የእነሱ ነው ብሎ መለሰኝ። በመሃል ላውንደሪው ቤት ለሽምግልና ተጠራ። የተስማማንበትን ስናገር አሁንም ያናድደኛል፤ የሸሚዞቹን ነገር ትተውልኝ፣ ለኔ ደግሞ ሁለት ነጻ እጥበት ተፈቀደልኝ። ከነጻ እጥበቱ አንዱን ማን እንደተጠቀመበት አላውቅም፣ እኔ ግን በዚያ በር አላልፍም።

ምክሬ ይህ ነው። ለላውንደሪ የሚበላሽ ነገር ከሰጣችሁ ደረሰኙ ላይ የልብሱን ዓይነትና «በማሽን አይታጠብ» የሚለውን አስጽፉ፣ ፎቶ አንሱት። ኪስ ላይ የተሰካ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሃ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ጭቃ ደርቆ ቢቆይ ካፖርት አይሞትም። ሲደርቅ እንዲያውም በብሩሽ ይራገፋል።

ወደ ማደሱ ስንመጣ፣ አምራቾቹ «ከኛ ሰም ሌላ አትቀቡ» ይላሉ። እዚህ ሆኖ ያን ቆርቆሮ ሰም ማስመጣት ከካፖርቱ በላይ ራስ ምታት ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ሰም የሞላባት አገር ናት። ጧፍ የሚሠራ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ፈትሉ ጥጥ ነው፣ የሚጠጣው ሰም ነው። ስለዚህ ሰፈፍ (ከጠጅ ላይ የሚገፈፈው ሰም ያለበት ቅሪት) ፍለጋ አንድ ጠጅ ቤት ሄድኩ። እትዬ «ሰፈፍ ምን ሊያደርግልህ ነው፣ ጧፍ ልትሠራ ነው?» አሉኝ። ካፖርት ልቀባበት ነው ስላቸው ሳቁ። ዋጋ ግን አልቀነሱም።

ሰፈፉን ውሃ ውስጥ አፍልቼ በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ ቆሻሻው ከሥር ይቀራል። ጠረኑ እስኪቀንስ ይደገማል።  ከዚያ ለሁለት እጅ ሰም አንድ እጅ የተፈረፈረ ነጭ ሻማ ጨመርኩበት፤ ሻማው ፓራፊን ነው። ለማለስለስ ጥቂት የተልባ ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ዘይቱን አታብዙ፤ ይጣበቃል፣ ቢጫ ያደርጋል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሳበት ይችላል። መጥረጊያችሁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። ሰሙንም እሳት ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፤ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ጣሳ አድርጋችሁ አቅልጡ።

አቀባቡ ቀላል ነው። ካፖርቱ ደረቅ ይሁን። የቀለጠውን በስፖንጅ ትንሽ በትንሽ ቀቡ፤ ትከሻ፣ ክርንና ስፌት ላይ ደገም አድርጉ። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቃችሁ በጨርቅ አሹት፣ ሰሙ ጨርቁ ውስጥ እስኪጠፋ። ማድረቂያውን ከጎረቤት ፀጉር ቤት ተውሼ ሥራው መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሰሙ ነጭ ሆኖ ላዩ ላይ ረጋ። የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ አዳነኝ፤ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት፣ ለሰለሰ፣ በእጄ አሸሁት። መብራት ሲመጣ ጨረስኩት። ኪሱን ውስጡን አትቀቡ፣ ስልካችሁ ሰም ይለብሳል።

ውጤቱ? ውሃው እየተንከባለለ ይወርዳል። ቀለሙ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ትንሽ ወደ ቡናማ ሄዷል። ሀገረ ሰላም ሲበርደው እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል፤ በእጅ ሲያሹት ይጠፋል። ማር ማር ይሸታል። ንቦች አንዳንዴ ይከቡኛል፣ ለከብት ሐኪም የሚመች ነገር አይደለም። አንዲት ላም ግን ልትልሰኝ ሞክራለች።

መመሪያው በዓመት አንዴ ቀቡ ይላል። ለኛ አይበቃም። እኔ በልግ ከመግባቱ በፊት ሙሉውን እቀባለሁ፣ ክረምት ሲጋመስ ትከሻውንና ስፌቱን እደግማለሁ። አጥፋችሁ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ አየር በሚያገኝበት ቦታ ስቀሉት፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ባጃጅ ስትገቡ አውልቁት፤ ወንበር ላይ ምልክት ይተዋል፣ ባለባጃጁም ልክ ነው ቢቆጣ። ከተማ ውስጥ ፀሐይ ከወጣ አትልበሱት፣ ይሞቃል።

ከተቀደደ ልብስ ሰፊዎች ማሽናቸው ላይ አያስገቡትም፤ ሰሙ መርፌውን ያጨማልቀዋል። በእጅ እንዲሰፉላችሁ ለምኑ፣ ከዚያ የመርፌው ቀዳዳ ላይ ደረቅ ሰም አሹ። እጅጌዬን ሽቦ ቀዶት እንዲህ ነው የተጠገነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ሱሪው። ከካፖርቱ የሚወርደው ውሃ በሙሉ ጭን ላይ ነው የሚያርፈው፣ በተለይ ሞተር ላይ። ሰም የተቀባ ሱሪ አይሞከር፤ ጉልበቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ መቀመጫውን ያበላሻል። ከታች ያንኑ ርካሹን ላስቲክ ልበሱ። ሲቀደድ ሌላ ይገዛል።