ዜድ ያልኩ ቀን

ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን የድሮ ባልደረባዬ «አንቺማ ተገላገልሽ! ሰው ዓይን ላይ ጠብታ እያንጠባጠቡ በዶላር መከፈል!» አለችኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይኸው እጽፋለሁ።

ፒያሳ፣ ኮሪደር ልማቱ ሳይለውጣት በፊት፣ ዘጠኝ ዓመት የዓይን ነርስ ነበርኩ። ፊደል ለማይለይ ታካሚ የምንጠቀምበት ሰሌዳ ላይ ያለው «ኢ» ብቻ ነው፤ እግሩን ወደ አራቱም አቅጣጫ ያዞራል። «እማማ፣ እግሩ ወዴት ነው?» ስላቸው ቀኝና ግራ የሚሉኝ ጥቂት ናቸው። «ወደ ጊዮርጊስ።» «ይሄኛውስ?» «ወደ ራስ መኮንን ድልድይ።» እኔም ግድግዳውን ከከተማው ጋር አስማምቼ የዓይናቸውን ልክ 6/12 ብዬ እጽፋለሁ። አንዱን ዓይን ሸፍኑ ሲባል በጣቱ መሃል የሚያጮልቀው፣ ከፊቱ ያለው ሲመልስ ሰምቶ ሰሌዳውን በቃሉ የሚይዘው፣ ስንቱ! ሞራው ተነሥቶላቸው ፋሻው ሲፈታ ግን ፊት ለፊት የሚያገኙት እኔን ነው። «ሲስተርዬ፣ ለካ ልጅ ነሽ!» ያሉኝ እናት እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፉም።

ቨርጂኒያ ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሥራዬ ታካሚ በዓይን መመርመሪያው ላይ አገጩን የሚያስደግፍባትን ነገር በአልኮል መወልወል ነበር። ከዚያ ታካሚ እንዳስነብብ ተፈቀደልኝ። በመጀመሪያው ቀን 6/6፣ ማለትም ደህና ያያል፣ ብዬ ስጽፍ አሠልጣኜ፣ የእህቴን ልጅ የምታክል፣ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። እነሱ የሚለኩት በሜትር ሳይሆን በጫማ ነው፤ የእኛ 6/6 እዚያ 20/20፣ የእኛ 6/60 ደግሞ 20/200 ነው። ይሄስ በአንድ ሌሊት ይለመዳል።

ያቃጠለኝ ዜድ ነው፤ እነሱ ያንኑ ፊደል «ዚ» ይሉታል። አንዲት ትልቅ ሴት ሦስተኛውን መስመር «ቲ፣ ኦ፣ ዚ» ብለው አነበቡልኝ። እየመዘገብኩ በአፌ ደገምኩት፦ «ቲ፣ ኦ፣ ዜድ።» ደነገጡ። ዓይናቸውን አሹ፣ አንገታቸውን አስግገው እንደገና «ዚ» አሉ። እኔም ላበረታታቸው «አዎ፣ ዜድ!» አልኩ። የተሳሳቱ መስሏቸው ላብ አጠመቃቸው። ነገሩ ሲገባቸው ድንጋጤው ቁጣ ሆነ፤ በሩን ከፍተው ኮሪደሩ እስኪሰማ «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አምጡልኝ!» አሉ። ያቺ ልጅ አሠልጣኜ ገባች፣ እኔ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ «ዚ፣ ዚ፣ ዚ» ስል የሰማ ካለ ዝንብ የገባች መስሎት ይሆናል።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ትራኮማን በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ አይቶት እንደማያውቅ አጫወተኝ። ገጠር በወጣሁበት ጊዜ በሽታው የቀለበሰውን የዓይን ቆብ በእነዚህ እጆቼ ቀድጄ አቅንቻለሁ ስለው አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ሰምቶ ሲያበቃ «ሁለተኛው ክፍል ተወልውሏል?» አለኝ። ሲስተር የሚለኝ የለም። በስሜ ነው የሚጠሩኝ፤ እሱንም አጣመው።

እና ነርሶች፣ ለመውጣት የምታስቡ፣ ዲግሪያችሁን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ መክተታችሁ አይበቃም። ማስረጃችሁን የሚገመግመው ክፍል የሚፈልገው ከተማራችሁበት ትምህርት ቤት በቀጥታ እንዲላክለት ነው። ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ደግሞ አለላችሁ። የሬጅስትራሩን ደጅ እዚሁ እያላችሁ ጥኑ፤ ከባሕር ማዶ ስትደውሉ «ፋይሉን የያዘው ሰው ወጥቷል» ነው የምትባሉት። እኔ ይህን ሳላደርግ ሄጄ ነው ወልዋይ የሆንኩት። ዶላሩንም እንደሆነ የቤት ኪራይ ቀድሞ ያየዋል።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ ነግሬያት ስጨርስ «ቢሆንም ዶላር ነው» አለች። ሂሳብ መጣ። ወረቀቱን ይዛ እጇን ዘረጋች፤ አሁንም ዘረጋች፤ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከአርባ በኋላ የቅርብ ነገር እንደሚደበዝዝ ለስንቱ ያስረዳች የዓይን ነርስ! «መነጽር አድርጊ እንጂ» ብላት «ያስረጃል፣ ደግሞ ዓይን ያስለምዳል» አትለኝም! የራሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አድርጋው አነበበች።

«በስመ አብ! ለሁለት ማኪያቶ?» አለችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «ሲስተር፣ አንቺ ክፈዪው።»