ኮፒ ቤቴን ወደ ሊኑክስ ያሻገርኩበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን ወደሚያሠራው ነጻ ሥርዓት፣ ወደ ሊኑክስ፣ ስዞር ሰው ሁሉ «ብር ለመቆጠብ ነው?» ይለኝ ነበር። አይደለም። እኛ ዘንድ ዊንዶውሱም ኦፊሱም ክራክ ተደርጎ፣ ማለት ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተሰብሮ፣ በፍላሽ ይመጣል፤ ከፍሎ የገዛ ደንበኛ አላጋጠመኝም። ውጭ አገር ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) የሚፎካከረው ዋጋ ከሚጠየቅበት ዕቃ ጋር ነው። እዚህ ግን «ነጻ ነው» ብለህ ማንንም አታሳምንም።

እኔን ያስነሳኝ ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚፈልግ የእኔን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር እንዴት ይጣላል?

በዚያ ላይ የፍላሽ ቫይረሱ አለ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል፤ ልጁን ላብ ያጠምቀዋል። ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ስሰካው ቫይረሱ የደበቀው ፎልደር፣ ስም አልባ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል። ፋይሎቹ ውስጡ አሉ። ይህን ያየ ተማሪ ጓደኞቹን ይዞ ነው የሚመለሰው።

ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት መጫኑ ቀላል ነው፤ የኦፊስ ምትክ የሆነው ሊብሬኦፊስም አብሮት ይመጣል። ስለ ሊብሬኦፊስ አንድ ነገር ልበል፦ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል የተባለው ኩባንያ ኦፕንኦፊስ የሚባለውን ሶፍትዌር ባለቤት ኩባንያ ሲገዛ፣ ያልተስማሙት ሠሪዎች ኮዱን ይዘው ወጥተው የመሠረቱት ነው። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር።

ትግሉ ያለው ፊደላችን ላይ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መለኪያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ዝብርቅርቁ ይወጣል። አንድ መምህር የፈተና ወረቀት ይዘው መጡና ስክሪኑን ሲያዩ «ልጄ፣ ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጥያቄው አልጠፋም፤ የተጻፈበት ፎንት ነው እዚህ የሌለው» አልኳቸውና በዊንዶውሱ ማሽን ፒዲኤፍ አድርጌ አተምኩላቸው። ሰውን ከዊንዶውስ ጋር ያሰረው ይኸው በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ነው።

ስለዚህ በየቀኑ የምንጠቀምባቸውን ቅጾች፣ ውሉን፣ ማመልከቻውን፣ በዩኒኮድ እንደ አዲስ አስጻፍኩ። ፎንቱን አቢሲኒካ ኤስአይኤል አደረግነው። ኒያላ የሚባለው የማይክሮሶፍት ፎንት ሊኑክስ ላይ የለም፤ በሌላ ፎንት ሲተካ መስመሩ ይሰፋል ወይም ይጠባል፣ ገጹ ይንሸራተታል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ማውጫ ይበላሻል። አቢሲኒካ ክፍት ፈቃድ ስላለው ሁለቱም ላይ ያለ ሐሳብ ይጫናል። ለመተየቢያ አይባስን ጫንን፤ ፊደሉ በድምፁ ነው የሚጻፈው። ጸሐፊዋ ትንሽ አጉረመረመች፣ በኋላ ለመደችው።

ሁሉንም ግን አላሻገርኩም። ፒችትሪ ላይ ሒሳብ የሚያሠሩ ነጋዴዎች ስላሉኝ አንዱ ማሽን በዊንዶውስ ቀርቷል። የሠርግ ካርድ ላይም ፎቶሾፕ የለመደ እጅ ምትኩ በሆነው ኦፕን ሶርስ፣ ጊምፕ ላይ፣ ይዘገያል። እዚህ ላይ የሚሸጠው ሶፍትዌር ይበልጣል፤ ይህን መደበቅ ለኦፕን ሶርስ አይጠቅመውም።

ኮፒ ቤት ያላቸው ጓደኞቼ እንዴት እንጀምር ሲሉኝ ሊኑክስን ቶሎ አላነሳባቸውም። ሊብሬኦፊስ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። እሱን ጫኑ፣ ቅጾቻችሁን ወደ ዩኒኮድ መልሱ፣ ለደንበኛ የምትሰጡትን ፒዲኤፍ አድርጉ፤ ማሽኑን ፎርማት ማድረግ ከዚያ በኋላ ይደርሳል እላቸዋለሁ።