ዛሬ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ

ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ዛሬ ክፍሉ በገቡ በ12ኛ ቀናቸው ታካሚዬን አባባን ከነመተንፈሻ ማሽናቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጥናቸው። አራት ሆነን ደግፈን። አንዷ ነርስ ሥራዋ የመተንፈሻ ቱቦውን መያዝ ብቻ ነበር። እግራቸው ወለሉን ሲነካ እንባዬ መጣ።

ጠዋት ልጃቸው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ጭናቸውን አየች። «አባዬ እንዲህ የመነመነው አታበሉትም እንዴ?» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ሥራ ስጀምር እኔም ችግሩ ምግብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በቱቦ በደንብ እየተመገቡም ይከሳሉ። ሰውነት በከባድ ኢንፌክሽን ሲጠቃ የገዛ ጡንቻውን ያፈርሳል፤ አዲስ መገንባቱ ደግሞ ይዳከማል። በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የ63 ሕሙማንን ጭን በአልትራሳውንድ ተከታተለ። በ10 ቀን ውስጥ የፊት ጭናቸው ጡንቻ በአማካይ ወደ 18 በመቶ ቀንሶ ነበር። አስር ቀን ብቻ!

እኔን የሚያስፈራኝ ግን እግሩ አይደለም። የምንተነፍስበት ድያፍራምም ጡንቻ ነው። ማሽኑ ሲሠራለት እሱም ይሰንፋል። ከማሽን መላቀቅ የሚከብደው አንድም ለዚህ ነው። ጡንቻቸው በጣም የደከመባቸው ሕሙማን ከሌሎቹ ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ጭምር።

ታዲያ ዝም ብሎ መግፋትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ከተለመደው በላይ ማንቀሳቀስ ተጨማሪ ጥቅም እንዳላስገኘ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መዛባትን የመሰለ ጉዳትም እንደጨመረ አሳይቷል። ስለዚህ ዓይኔ ከሞኒተሩ አልተነሳም።

ሦስት ደቂቃ ቆዩ። ልጃቸው «አይዞህ አባዬ» እያለች እጃቸውን ይዛ ነበር። ሲደክማቸው አስተኛናቸው። ነገ አምስት ደቂቃ እንሞክራለን።