ሳራያኩዎች አሸንፈዋል፣ ፈንጂው ግን እዛው ነው

ኢኳዶር አማዞን ውስጥ፣ ቦቦናሳ ወንዝ ዳር ሳራያኩ የሚባሉ፣ የአገሩ ነባር ተወላጅ የሆኑ የኪችዋ ሕዝቦች አሉ፣ ወደ 1,200 ሰው ቢሆኑ ነው፣ የመኪና መንገድ የላቸውም፣ ከፑዮ ከተማ ወይ በታንኳ ወይ በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚገባው። ስለነሱ ሲወራ ሁሌ "መንግሥትን ከሰው ረቱ" ተብሎ ያልቃል፣ እውነት ነው ረትተዋል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እዛ ላይ ማለቁ ነው።

በ1996 (ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ ናቸው) መንግሥት መሬታቸውን ሲጂሲ ለሚባል የአርጀንቲና ነዳጅ ካምፓኒ በኮንትራት ሰጠ፣ እነሱን የጠየቀ የለም። በኋላ ካምፓኒው ራሱ መጥቶ ለልማት 60,000 ዶላር ለወንዶቹ ደሞ 500 የሥራ ቦታ እሰጣለሁ አለ፣ በ2000 ተሰብስበው እምቢ አሉ፣ በቃ እምቢ ማለት እምቢ ነው አይደል? ግን 2002 መጨረሻ ላይ በወታደር ታጅቦ ገባ።

ነዳጅ መኖሩን የሚያዩት መሬት ውስጥ ፈንጂ አፈንድተው ንዝረቱ እንዴት እንደሚመለስ በመሣሪያ እየለኩ ነው። ለዚህ ሲባል ጫካው ውስጥ 467 ጉድጓድ ተቆፍሮ ከ1,400 ኪሎ በላይ ፔንቶላይት የሚባል ፈንጂ ተቀበረ፣ ሰው አድኖ ልጆቹን በሚያበላበት ጫካ ማለት ነው። ፒንጉዩ የሚባል ቦታ ላይ ደሞ ሊስፑንጉ የሚሉትን ትልቅ ዛፍ ቆረጡት። የአንድ መድኃኒት አዋቂ ዛፍ ነበር፣ ቤተሰቡንም ሌላውንም ሰው የሚያክምበት ኃይል ከሱ ነው የሚመጣው፣ ለሠራተኞቹ ግን መንገድ የዘጋ እንጨት ነው። እኔ ከሁሉም ይሄ ነው ያመመኝ፣ ይሄን በምን ካሳ ትተምነዋለህ?

ሕዝቡ ያደረገው ነገር ደሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አስቸኳይ ጊዜ አውጀው፣ እርሻቸውን ጥለው፣ ሴቱም ወጣቱም የመሬታቸው ድንበር ላይ "የሰላምና የሕይወት ካምፕ" ብለው ሰፍረው ለወራት ሲጠብቁ ከረሙ፣ ያልተተከለ ደሞ አይበላምና ምግብ አጠራቸው። ተርበው ነው ያስቆሙት።

ከዛ ክሱ እስከ ኢንተር አሜሪካን የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ፣ የአሜሪካ አህጉር አገሮች የጋራ ፍርድ ቤት ማለት ነው። በሚያዝያ 2012 ዳኞቹ ራሳቸው ሳራያኩ ድረስ ሄዱ፣ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው፣ የመንግሥት ተወካይም እዛው ሕዝቡ ፊት ኃላፊነቱን አመነ። ሰኔ 27 ቀን ፍርዱ ወጣ፣ ሳይጠየቁ መግባቱ ጥፋት ነው፣ ካሳ ይከፈል፣ ይቅርታ ይጠየቅ፣ ፈንጂው ይነሳ፣ ወደፊትም በቅድሚያ ይመከርባቸው ተባለ። ካሳው ተከፈለ፣ በ2014 ሚኒስትሮች ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

ፈንጂውስ? ላይ ላይ ከነበረው ትንሽ ተነስቷል፣ 12 ሜትር ጥልቀት ላይ የተቀበረው አብዛኛው ግን አልወጣም። ይቅርታና ብር አንድ ቀን ካሜራ ፊት ያልቃል፣ ጫካ ገብቶ ጉድጓድ በጉድጓድ ማጽዳት ግን ሥራ ነው፣ ሲቀብሩ መንገዱን ያገኙት ለማውጣት እንዴት ጠፋባቸው? ሳራያኩዎች ዛሬም ይሄንኑ ነው የሚጠይቁት፣ ቀብራችሁ የሄዳችሁትን አውጡልን።